ካርቶን ላይ የተለጠፈ ቤት

ጥቅምት 9

ለእትዬ፣

እንደምን ከረማችሁ? አንቺ፣ ባለቤትሽ፣ ልጆቹ፣ ከሁሉም በላይ እማዬ ደህና ናችሁ ወይ? እኔ እግሬ ከማበጡ በቀር ደህና ነኝ። እሱም የሥራው ነገር እንጂ በሽታ አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ ቆሞ አንሶላ የሚተኩስ ሰው እግሩ ካላበጠ ምኑ ይበጥ። «እጅሽን ምን ነካው፣ ብዕር መያዝ ከለከሉሽ ወይ?» ብለሽ የጻፍሽውን አንብቤ አፍሬያለሁ። እውነትሽን ነው፣ ቆየሁ። ይቅር በይኝ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። «ይሄ የላክሽልኝ ፎቶ ምንድን ነው? ጭንቅላትሽን የማን ትከሻ ላይ ነው የተከልሽው?» ብለሻል። አንዲት መስመር ማብራሪያ ሳልጨምር ፖስታ ውስጥ ከትቼ መላኬ የኔ ጥፋት ነው። ላስረዳሽ።

ባለፈው ወር እዚህ ልብስ ማጠቢያው ቤት አንድ አሠልጣኝ መጣልን። ጫማው የሚያብለጨልጭ፣ ድምፁ ከማሽኖቹ በላይ የሚሰማ ሰው ነው። ሥራ አስኪያጃችን ነው ያመጣው፤ ደመወዝ ከመጨመር አሠልጣኝ ማምጣት ሳይረክስ አይቀርም። ሰውየው እንፋሎቱ መሀል ቆሞ «የሕልም ሰሌዳ» የሚባል ነገር እንድንሠራ አዘዘን። ከሆቴሎቹ ከአንሶላ ጋር ተጠቅልለው የሚመጡ አሮጌ መጽሔቶች አሉ፤ ከነሱ ውስጥ በሕይወታችን እንዲኖረን የምንፈልገውን ሁሉ እየቆረጥን የሳሙና ካርቶን ላይ እንድንለጥፍ፣ ከዚያ አልጋችን አጠገብ ሰቅለን ጠዋት ጠዋት እንድናየው ነው። ካያችሁት ይመጣል አለን። በየት በኩል እንደሚመጣ ግን አልነገረንም።

አብራኝ የምትኖረው ልጅ፣ ስትናገርም ስትሠራም ስለምትነዝር ኮረንቲ የምንላት፣ ካርቶኗን ሙሉ አንድ ባለ ጢም ሰውዬ ለጥፋ ጨረስኩ ብላ ቁጭ አለች። እኔ መጀመሪያ አፈርኩ። ሰው ፊት መመኘት ሰው ፊት ልብስ እንደ ማውለቅ ሆነብኝ። መቀሱን ከያዝኩ በኋላ ግን ማን ያቁመኝ። ሰማያዊ መኪና ቆረጥኩ፣ ባሕር ቆረጥኩ፣ የልብስ ሱቅ ቆረጥኩ። መሀሉ ላይ ሰፊ ክፍል ለጠፍኩ፤ ቢጫ መጋረጃ፣ ትልቅ መስኮት፣ ሰው የሚውጥ ወንበር አለው። ወንበሩን ተደግፋ አንዲት ቆንጆ ሴት ቆማለች። የሷን ጭንቅላት አንሥቼ ለመታወቂያ ከተነሣሁት የተረፈውን ጉርድ ፎቶዬን ለጠፍኩበት። እንዳየሽው ጭንቅላቴ ለትከሻዋ ገዝፏል፣ አንገቴም ዘሟል። አሠልጣኙ የሁላችንንም ሰሌዳ በካሜራው አንሥቶ አንዳንድ ፎቶ ሰጠን። የደረሰሽ እሱ ነው።

አንቺ የፎቶ ሰው ስለሆንሽ ትስቂያለሽ ብዬ ነው የላክሁልሽ። ስቀሽ ስትጨርሺ መሳቢያሽ ውስጥ ክተችው። ለማንም አታሳዪ፤ በተለይ ለእማዬ።

ድንቡሼሽ (ድንቡሼነቴ እንኳ እዚህ እንፋሎት ውስጥ ቀልጧል)


ጥቅምት 25

ድንቡሼ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? እኛ ደህና ነን። ደብዳቤሽ ደርሶኛል፤ የደረሰኝ ግን ጉዱ ከፈላ በኋላ ነው። ተቀምጠሽ አንብቢ።

እማዬ የቤቱን ቁልፍ ልትሰጠኝ ፎቶ ቤት ብቅ ባለችበት ቀን ፎቶሽ የሥራ ጠረጴዛዬ ላይ መብራቱ ሥር ነበር። አነሣችው። እንዳስተማርኳት ጠርዝ ጠርዙን ነው የያዘችው። እኔ አንዱን ደንበኛ አገጩን ቀና እንዲያደርግ እየለመንኩት ነበር። «ቤቷ ነው?» አለችኝ። «እህ» አልኳት። ከአፌ የወጣው ያ «እህ» ብቻ ነው። ባሕሩና መኪናው ለሙሽሮች እንደምንሠራው ዙሪያውን የገባ ጌጥ መስሏታል፤ ሰውን ልብ ቅርጽ ውስጥ ስንከት፣ ደመና ላይ ስናቆም እያየች የኖረች ሴት ናት። ደንበኛዬን አንሥቼ ዞር ስል ፎቶውም እሷም የሉም።

ከሥራ ስመለስ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ «እንኳን ደስ ያላችሁ» ልትል መጥታ ተቀምጣለች። እማዬ አፏን ሞልታ «ልጄ ቤት ያዘች» ትላለች። አባታችን ከሞተና እኛ ጋ ከገባች ወዲህ ድምፅዋን እንደ እንግዳ ዝቅ አድርጋ ነው የምትናገረው፤ ታውቂያለሽ። ያን ቀን ግን የድሮዋ እማዬ ነበረች። ልናገር አፌን ከፈትኩና ሻይ ጠጣሁበት።

በማግስቱ «አሳድጊልኝ» አለችኝ። ዙሪያውን ትቼ መሀሉን ብቻ አሳድጌ አጠብኩላት። አሁን ከምትተኛበት ሶፋ በላይ ተሰቅሏል። እሑድ ሰው ሳይኖር እነግራታለሁ። በኔ «እህ» የመጣ ነገር ስለሆነ እኔው እመልሰዋለሁ፤ አንቺ አትጨነቂ።

እህትሽ


ኅዳር 8

እትዬ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። አጭሯ ማስታወሻሽ ደርሳኛለች። እሑድ አለፈ፣ ሌላውም እሑድ አለፈ፣ አንቺ ግን «ሆዴ እምቢ አለኝ» ብለሻል። ልቆጣሽ ብዕር አነሣሁ። ከዚያ ምን አፍ አለኝ ብዬ መልሼ አስቀመጥኩት።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። አንገቴ ላይ የመቀሱ ጠርዝ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ኮላው ራሱ ጎርፏል። እማዬ ባዶ ዓይኗ ቢያታልላት እንኳ መነጽር አድርጋ እንዴት አላየችውም? ወይስ ሰው ማየት የሚፈልገውን ሲያይ መነጽርም አያግዘው?

በማስታወሻሽ ግርጌ እማዬ ያስጻፈችሽን አነበብኩ። «ቤቱ ፀሐይ ይገባዋል ወይ? መስኮቱስ ወዴት ይዞራል?» ትላለች። ፀሐይ። የኛን መስኮት ልንገርሽ፤ የሚያየው የማጠቢያ ቤቱን የቦይለር ክፍል ግንብ ነው። ረጅም ኮሪደር አለ፣ ግራና ቀኝ በር ነው፣ የኛ መጨረሻው ነው። ሁለት አልጋ ገብቶ የሚተርፈው ቦታ ለአንድ ሰው እግር ነው፤ ኮረንቲ ስትነሣ እኔ ቁጭ እላለሁ፣ እኔ ስነሣ እሷ ትጋደማለች። ይሄን ጽፌ ልልክላት ነበር። እማዬ የጠየቀችው ግን ስለ ፀሐይ ነው።

ከዚህ ጋር ለሷ ያጠፍኳትን ወረቀት ታነቢላታለሽ። «ጠዋት ጠዋት ይገባል» ብያታለሁ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ነው የጻፍኩት። ጽፌ ስጨርስ ኮረንቲ «ምን ሆነሽ ነው ፊትሽ የተለዋወጠው?» አለችኝ። ራሴን አመመኝ አልኳት።

አንቺ እንድትነግሪያት አሁን አልፈልግም። የዓመት ፈቃዴን ሳገኝ እመጣና እኔው እነግራታለሁ። እስከዚያ እዚያው ይሰቀል።

ድንቡሼ


ኅዳር 23

ለእህቴ ለድንቡሼ፣

ሰላም ነሽ? እኛ ጤነኞች ነን፤ ጤነኛ ብቻ።

አንገትሽ ላይ የመቀስ ጠርዝ የለም። እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ባለፈው ሳልጽፍልሽ የቀረሁት አፍሬ ነው። ሳሳድገው መቀሱ የሄደበት መስመር ጎልቶ ወጣ፤ ማንም ቢያየው የተለጠፈ እንደሆነ ያውቀው ነበር። እማዬም ታውቅ ነበር፣ ነገሩም እዚያው ያበቃ ነበር። እኔ ግን ቀጭኗን ብሩሼን አወጣሁ። አንገትሽን ከሴትዮዋ አንገት ጋር አጋጠምኩ፣ አገጭሽ ሥር ጥላ ጨመርኩ፣ ጭንቅላትሽን ቀነስ አድርጌ አስተካከልኩ። ለደንበኛ ስንት ሥራ ሠርቻለሁ፣ እንዲህ ያማረልኝ የለም። ስጨርስ ኮርቼ አየሁት። ይሄ ኩራቴ ነው አሁን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ የሚያሰኘኝ።

ያቺ ወረቀትሽ ደግሞ ነገሩን ጨረሰችው። «ጠዋት ጠዋት ይገባል» የሚለውን ሳነብላት ደግመሽ አንብቢ አለችኝ። ሳምንት ቆይታ ወዳንቺ ልትመጣ እንደወሰነች ነገረችኝ። ለጥየቃ አይደለም ድንቡሼ፤ አንቺ ጋ ልትኖር ነው። የክረምት ብርድ ልብሷን ለልብስ ሰፊዋ ሰጥታለች፤ «እዚያ ፀሐይ አለ» ብላ። ፎቶው ጥግ ላይ የበር ጠርዝ የሚመስል አለ፤ በዚያ በኩል ሌላ ክፍል ይኖራል፣ የኔ እሱ ይሆናል ትላለች። እዚያ ቆማ በጣቷ እያሳየች ስታስረዳኝ እኔ አንገቴን እነቀንቃለሁ።

የባሰውን ልንገርሽ። ልትሄድ ነው ስትለኝ ደስ አለኝ። ሳሎኑ ይለቀቃል፣ ልጆቹ እዚያ ያጠናሉ፣ ባለቤቴ ራዲዮኑን ድምፅ ቀንሶ አይሰማም ብዬ በልቤ ዕቃ ማዟዟር ጀመርኩ። ቤቱ እንደሌለ እያወቅኩ። የት እንደምትገባ ግን አላሰብኩም። እንደዚህ ዓይነት ልጅ መሆኔን እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር።

ምን እናድርግ? ቶሎ ጻፊልኝ። እማዬ አውቶቡስ በየትኛው ቀን እንዳለ ማጠያየቅ ጀምራለች።

እህትሽ


ታኅሣሥ 5

እትዬ፣

እንዳትመጣ አድርጊያት። ቤቱ ቀለም እየተቀባ ነው በያት። ሽታው ለሳልሽ አይሆንም በያት። አከራዩ ግድግዳ እያፈረሰ ነው ብትያትም ይሆናል። አንቺ ታውቂበታለሽ፣ የሚመስል ነገር ፈልጊ።

*

በማግስቱ። የላይኛውን ትናንት ጽፌው ሳልልከው አደረ። ልቅደደው ብዬ ነበር፤ ተውኩት፣ ምን ያህል እንደወረድኩ አንቺም እዪው።

ዛሬ ከኮረንቲ ጋር አንሶላ ስናጥፍ ነገሩን ነገርኳት። እንደምታውቂው አንሶላ ሲታጠፍ አንዷ በዚያ ጫፍ አንዷ በዚህ ትሆንና እየተቀራረቡ ነው፤ ስንገናኝ ዓይን ለዓይን ነው። የምትስቅ መስሎኝ ነበር። ስለ ብርድ ልብሱ ስነግራት ጫፉን ለቀቀችው። «የሷን ብርድ ልብስ እኮ ነው የሰጠችው» አለችኝ። አንሶላውም ቆሽሾ ተመልሶ ታጠበ።

ንገሪያት እትዬ። የኔን ፈቃድ አትጠብቂ። ሰሌዳውንም፣ አንሶላ ተኳሽ መሆኔን ደብቄያት መኖሬንም፣ ክፍሉንም፣ መስኮቱንም፣ የጠዋት ፀሐይ ያልኩት ውሸት መሆኑንም። ያንቺን ብሩሽ ብትተዪው እኔ አልናገርም፤ እሱ ያንቺ ነው። ስትነግሪያት ግን ልብስ ሰፊዋ እንዳትኖር። ብርድ ልብሱንም አስመልሺላት፤ እባክሽን።

ከዚህ በላይ የምለው የለኝም። ቤት ስለሌለኝ አይደለም የማፍረው። ብዙ ሰው የለውም።

ድንቡሼ


ታኅሣሥ 20

ድንቡሼ፣

ነግሬያታለሁ።

ልጆቹ ትምህርት ቤት፣ ባለቤቴ ሥራ ነበር። ሶፋው ላይ አጠገቧ ተቀመጥኩና ደብዳቤዎችሽን እያየሁ ከመጀመሪያው አንሥቼ ነገርኳት። ብሩሹንም ነገርኳት። የሳሎኑን ደስታዬን ብቻ ዋጥኩት፤ እሱን እንኳ በኋላ ራሷ ሳትደርስበት አልቀረችም፣ ዓይኔን አይታ ዞር ብላለችና።

አልተቆጣችም። እኔ ቁጣ ነበር የጠበቅኩት፣ ተዘጋጅቼበትም ነበር። «አንሶላ መተኮስ ምን ነውር አለው?» አለች። «እግሯ ያብጣል?» አለችኝ። ያብጣል አልኳት። ከዚያ ትልቁን ፎቶ ራሷ ከግድግዳው አወረደችውና ትንሹን አምጪልኝ አለች። አሠልጣኙ ያነሣውን፣ ሙሉውን።

አመጣሁላት። መነጽሯን አጽድታ አደረገች። ይሄ ጌጥ አይደለም ማለት ነው አለች፤ አይደለም፣ ምኞቷ ነው አልኳት። አንድ በአንድ ጠየቀችኝ። መኪናውን። ባሕሩን። ሱቁን። ጥግ ላይ አንዲት ድመት አለች፤ እኔ እንኳ አላየኋትም ነበር፣ እሷ ናት ያሳየችኝ። ፎቶውን ወደ መስኮቱ ይዛ ሄደች፣ ዘቀዘቀችው፣ ጀርባውንም አየች። ምን እንደምትፈልግ አልገባኝም ነበር። ከዚያ ጠየቀችኝ፦

«እኔ የቱ ጋ ነኝ?»

ቤት ነው ብላ ሳለች አለመኖሯ አላስከፋትም፤ ገና አልሄደችማ፣ ስትሄድ ትገባበታለች። ምኞት ነው ስላት ግን ፈልጋ አጣችው። ድመቷ አለች፣ እሷ የለችም። ጨርቁን አንሥታ ጠረጴዛውን መወልወል ጀመረች፤ ንጹሕ ነበር። እኔ ሰሌዳ ሥሪ ያለኝ ሰው ባለመኖሩ አመሰገንኩ።

ብርድ ልብሷን ልብስ ሰፊዋ ሳትጠየቅ ይዛ መጥታለች። እማዬ ራሷ ሄዳ ነግራታለች። «የልጄ ቤት ሥዕል ነው፣ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት» ብላ። ስሕተቱን ራሷ ላይ አደረገችው።

ለጥያቄዋ መልስ ያለሽ አንቺ ብቻ ነሽ። እኔ በራሴ ፈጥሬ አልነግራትም፤ መፍጠር በቅቶኛል።

እህትሽ


ጥር 3

እትዬ፣

ደብዳቤሽን ካነበብኩ ወዲህ ሰሌዳውን ቀና ብዬ ማየት አቅቶኛል። አልጋዬ አጠገብ ስለሆነ ፊቴን ወደ ኮረንቲ አዙሬ ነው የምተኛው።

ልንገርሽ መጀመሪያ ያደረግኩትን። ደብዳቤሽ በደረሰኝ ዕለት ሻንጣዬ ውስጥ ያለውን የእማዬን ፎቶ አወጣሁ፤ አንቺ ያነሣሻትን፣ አገጭሽን ቀና አድርጊ ብለሻት የተቆጣችበትን። ወንበሩ ላይ ላስቀምጣት ነበር። ወንበሩ ሰፊ ነው፣ ትበቃዋለች። ከዚያ ሙሉውን ሰሌዳ አስነሥቼ «ይኸው አለሽ፣ መጀመሪያ የተነሣው ሰሌዳው ሳያልቅ ነበር» ልላት። ኮረንቲ ኮላውን ሰጠችኝ። መቀሱን ይዤ ተቀመጥኩ። የሷን ፎቶ መቁረጥ ግን አልቻልኩም። ማንን ላታልል ነው? እሷን ስንት ጊዜ?

እውነቱ ይሄ ነው። ረስቼ አይደለም ያልለጠፍኳት። ስመኝ ብቻዬን ነበርኩ።

ያደግንበትን ክፍል ታውቂዋለሽ። አባታችን፣ እማዬ፣ አንቺና እኔ፣ ከመሀል መጋረጃ። ልብስ የምቀይረው ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቼ ነበር። ማልቀስ ሲያምረኝ ሽንት ቤት ነበር የምሄደው፤ እሱም የጋራ ነው፣ አንዱ መጥቶ ያንኳኳል። አንቺ አግብተሽ ስትወጪ ቦታሽን ይዤ እጄን ዘርግቼ የተኛሁበት ጊዜ ትዝ ይለኛል፤ ስለሄድሽ ማዘን ሲገባኝ። እዚህ መጣሁ፣ ይኸው ኮረንቲ፤ እወዳታለሁ፣ ግን በእንቅልፏም ታወራለች። ያ አሠልጣኝ የምትፈልጉትን ሁሉ ሲለን መጀመሪያ የታየኝ መኪናውም ባሕሩም አይደለም፤ ማንም የሌለበት ክፍል ነው። ሌላውን ሁሉ ያን ለመሸፈን ነው የለጠፍኩት። ሰው እንዳያውቅብኝ።

ሰው እናቱን ሳይመኛት ሊቀር ይችላል ወይ? እንደሚችል አሁን አየሁ። ጠልቻት አይደለም። ከሷ ርቄ ማደር ፈልጌም አይደለም፣ ይኸው ርቄ አይደል የማድረው፤ አንድ ቀን እንኳ ደህና አድሬ አላውቅም። እንዲያው አንድ ክፍል፣ አንድ በር፣ እኔ ውስጡ። ይሄን ጽፌ ሳነበው ከማፍርበት ነገር ሁሉ ይብሳል። ግን እውነተኛው ይሄ ነው፣ ጠይቃለችና።

አንብቢላት ወይም አታንብቢላት፣ አንቺ እንደመሰለሽ። ብታነቢላት ይሄንንም ጨምሪበት፦ ለመኖር ነይ አልላትም፣ ቦታው የለም። ብትመጣ ግን ኮረንቲ አልጋዋን እለቅላታለሁ ብላለች። ያለውን መጥታ ትየው።

ድንቡሼ


ጥር 16

ድንቡሼ፣

ሙሉውን አነበብኩላት። መካከል ላይ አንዷን መስመር ልዘል ስል «የዘለልሽው አለ» አለችኝ። ተመልሼ አነበብኩት። «ሰው እናቱን ሳይመኛት» የሚለው ነበር።

ሳህን አጠበች፣ የልጆቹን ካልሲ ሰቀለች። በማግስቱ አውቶቡሱ በየትኛው ቀን እንደሆነ ነገረችኝ። ረቡዕ ትነሣለች፣ ማምሻውን ትደርሳለች፤ መናኸሪያው ጋ ጠብቂያት። አንዲት ትንሽ ቦርሳ ብቻ ነው የምትይዘው። ብርድ ልብሱን ያዢው ስላት «ልኖር ነው እንዴ የምሄደው?» አለችኝ። እኔም ሳሎኑ የሷ መሆኑን፣ ስትመለስ ሶፋውን በአልጋ እንደምቀይርላት ነገርኳት። አየችኝ፤ አመነችኝም አላመነችኝም አላውቅም። አልጋውን ግን አዝዣለሁ።

እህትሽ


ጥር 27

እትዬ፣

እማዬ በሰላም ገብታለች። ቀድሜ መጻፍ ነበረብኝ፣ ይቅርታ።

ከአውቶቡሱ ስትወርድ መጀመሪያ ያየችው እግሬን ነው። ሳትስመኝ በፊት እግሬን አየች። ኮሪደሩን ስንገባ በየበሩ የቆሙትን ሁሉ እየሳመች አለፈች፤ እኔ ዓመት ሙሉ ስማቸውን ያልጠየቅኳቸውን ሰዎች እሷ ልጆቻቸውን ጭምር ታውቃለች። ክፍላችንን ስታይ «ንጹሕ ነው» አለች። ኮረንቲ አክስቷ ጋ ሄዳለች፤ ሻንጣዋን አንጠልጥላ ስትወጣ እማዬን እንደራሷ እናት አቅፋ አለቀሰች፣ ከዚያ ሳቀች፣ ከዚያ ቁልፏን ረስታ ተመለሰች።

ሰሌዳውን ከመምጣቷ በፊት ላወርደው ነበር። ይሄም ሌላ ውሸት ነው ብዬ ተውኩት። አልጋው ላይ ቁጭ ብላ ቀና ብላ አየችው። «መቀስ አያያዝሽ ጥሩ ነው» አለችኝ። ስለሱ ያወራነው ይሄን ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ ሌላ ነገር ነው የምናወራው፤ ስለ አንቺ ልጆች፣ ስለ አልጋው፣ ስለ አውቶቡሱ ሾፌር አነዳድ። ከሥራ ስመለስ እግሬን ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ታስገባልኛለች። እኔ ከእፍረት የተነሣ ውኃውን ውኃውን ነው የማየው፤ ፊቷን ማየት ይከብደኛል።

ዛሬ የዕረፍቴ ቀን ነው። ምሳ በላን፣ ሳህኖቹን አጠበች። ከዚያ የኮረንቲን በርጩማ አነሣች፣ ሹራቧን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገች። ወዴት ነሽ አልኳት።

«እዚሁ በሩ ጋ ነኝ። አንቺ ትንሽ ብቻሽን ሁኚ።»

አይሆንም፣ ተቀመጪ፣ አልፈልግም አልኳት። «ተይ እንጂ» አለችኝ፣ ልጅ ሳለሁ መድኃኒት አልጠጣም ስላት በምትለኝ አነጋገር። ወጣችና በሩን ዘጋችው። ሲዘጋ ይጮኻል፤ እንዳይጮህ ወደ ላይ ደገፍ አድርጋ ነው የዘጋችው። በአራት ቀን ውስጥ ይሄን አውቃበታለች።

አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ። ይኸው፣ አንድ ክፍል፣ አንድ በር፣ እኔ ውስጡ። የተመኘሁትን ሰጥታኝ ወጣች። ምን እንደማደርግበት አላወቅኩም። ተጋደምኩ፣ ተነሣሁ። ማልቀስ ስፈልግ ቦታ አጣሁ ብዬ ሳማርር ኖሬ፣ ቦታው ሲገኝ ድምፄን እንዳትሰማ ትራሱን አፌ ላይ ያዝኩት።

ከውጭ ድምፅዋ ይሰማኛል። ኮሪደሩ ውስጥ የሚሯሯጡትን ልጆች «ዝግ በሉ፣ ልጄ ውስጥ ናት» ትላቸዋለች። የጎን ጎረቤቴ ለምን ውጭ እንደተቀመጠች ጠየቀቻት። አየር ልቀበል ብዬ ነው አለቻት። እዚህ ኮሪደር ውስጥ አየር የሚባል ነገር የለም፤ ያለው የሳሙና ሽታ ነው። ሴትዮዋም ይሄን ታውቃለች።

እጄ ሥራ እንዲይዝ ብዬ ነው ይሄን መጻፍ የጀመርኩት። እስካሁን እዚያው ናት። አልፎ አልፎ ሳል ያነሣትና ትውጠዋለች፣ እንዳትረብሸኝ። ተነሥቼ በሩ ጋ እደርሳለሁ፣ እጄን እጀታው ላይ አደርጋለሁ፣ ከዚያ እመለስና አንዲት መስመር እጽፍልሻለሁ። ከፍቼ ምን እላታለሁ? ግቢ ብላት «ጨረስሽ?» ነው የምትለኝ፤ የሰጠችኝን ነገር በቅጡ ተጠቅሜበት እንደሆነ ልታውቅ። አልጨረስኩም ብላት ትቀመጣለች። ጨረስኩ ብላት ታምነኛለች።

እዚህ ላይ ላቁም እትዬ፤ ኮሪደሩ ይበርዳል።